የአባቴን ዋንዛ ሽጬ ላግባ?

ዛሬ የፍቅር ደብዳቤ ጠብቃችሁ ከሆነ ትንሽ ታገሱኝ። ፍቅርም አለበት፣ ሰርግም አለበት፣ የወንድማማች ክርክርም አለበት። ዋናው ባለታሪክ ግን አፈር ነው። «አፈር ደግሞ ምን ወሬ አለው?» እንዳትሉኝ። አፈር ስንሞት የምንገባበት ብቻ አይደለም። ጠዋት ዓይናችንን የሚገልጥልን ቡና የሚበቅልበትም እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ የ28 ዓመት ወጣት በደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ስሙን አልጠቅስም፣ እሱም እንዳልጠቅስ ለምኖኛል። አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«የተወለድኩት ጌዴኦ ዞን፣ ከጨለለቅቱ ከተማ ብዙም ከማይርቅ ገጠር ነው። አሁን አዲስ አበባ ሞባይል እጠግናለሁ። ሦስት ዓመት አብራኝ የቆየች እጮኛ አለችኝ። ቤተሰቦቿ ‹ሰርጉ መቼ ነው?› እያሉ ፋታ ነስተውኛል። አባታችን ሲያርፍ ለእናቴ፣ ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ የተወልን ከአንድ ሄክታር ያነሰ ማሳ አለ። ማሳው ላይ አባቴ ያሳደጋቸው ትልልቅ ዋንዛዎች ቆመዋል፤ ለጣውላ የሚፈልጋቸው ነጋዴም ተገኝቷል። ወንድሜ ‹ዛፉን እንሽጥ፣ እንሰቱንም ነቅለን ጫትና ባሕር ዛፍ እንትከል፣ አንተም ድርሻህን ይዘህ አግባ› ይለኛል። እጮኛዬ ደግሞ ‹ለዛፍ ብለህ እኔን ልታቆመኝ ነው?› አለችኝ። ልቤ ሁለት ሆኗል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እንግዲህ ፍረዱ! እኔ ስለ ሰርግ ወጪ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ስለ ዋንዛ ግን ተጠይቄ አላውቅም። በቢሮ ወሬ ከምመልስለት ብዬ ሻንጣዬን አንጠለጠልኩና ወደ ደቡብ ወረድኩ።

ጫካ መሰለኝ፤ ለካ ማሳ ነው

ከአዲስ አበባ ሐዋሳን አልፋችሁ ዲላ ትደርሳላችሁ። ከዲላ ይርጋ ጨፌ። ይርጋ ጨፌን አለፍ ስትሉ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ፣ የኮቸሬ ወረዳዋ ጨለለቅቱ ትቀበላችኋለች። ከተማዋ እንደማንኛዋም የመንገድ ዳር ከተማ ናት፦ ሱቅ፣ ቁርስ ቤት፣ ሞተር ሳይክል፣ ጭቃ። ጉዱ ያለው ከከተማዋ ወጣ ስትሉ ነው።

ተራራው ቀጥ ያለ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ደረጃ ካልተሠራለት አንወጣውም። ዳገቱ ግን ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ለብሷል። የከተማ ሰው «ጫካ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ጫካ አይደለም፤ የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ብሳናው ጥላውን ዘርግቷል። ከሥሩ እንሰት ሰፊ ቅጠሉን አንጨፍርሯል። ከእንሰቱ ሥር ቡና። ከቡናው ሥር ጎመን፣ ጎደሬ፣ ቅመማ ቅመም። መሬቱ ላይ ደግሞ የረገፈ ቅጠል እንደ ፍራሽ ተነጥፏል። አንድ መሬት፣ አራት ፎቅ! ኮንዶሚኒየም ማለት ይሄ ነው እንጂ።

ይሄ የእኔ አድናቆት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዩኔስኮ «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር» ብሎ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም ነው፤ ስብሰባው የተካሄደው በሳውዲ ዓረቢያዋ ሪያድ ነበር። የተመዘገበው ስፋቱ 296 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምክንያቱም ትክል ድንጋዮቹና ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው የተከበሩ ደኖች ብቻ አይደሉም፤ ይሄው ባለ ፎቅ እርሻ ነው። አንድ የአካባቢው ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ሆላንድ አገር ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ስለ ጌዴኦ የመሬት አያያዝ የዶክትሬት ጥናት ሲያቀርቡ ርዕሱን «የ5 ሺህ ዓመት ዘላቂነት?» ብለውታል። የጥያቄ ምልክቷን ልብ በሉልኝ። ጥያቄው አሁን በደብዳቤው ጸሐፊ እጅ ነው ያለው።

ሌላም ቁጥር ልጨምርላችሁ። በ1999 ዓ.ም ሕዝብ ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ ከ847 ሺህ በላይ ነበር። የዞኑ ስፋት ወደ 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አካፍሉት፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ይመጣል። ገጠር ነው እኮ የምላችሁ! ይሄ ሁሉ ሕዝብ በዚያ ዳገት ላይ ሲኖር አፈሩ ተጠርጎ ያልሄደው በተአምር አይደለም። በዛፉ ነው፣ በእንሰቱ ነው፣ በቅጠሉ ነው።

ጠብታዋን አትናቋት

አንዲት ትልቅ የዝናብ ጠብታ ከሰማይ ስትወርድ በሰከንድ እስከ 9 ሜትር ትምዘገዘጋለች። በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ባዶ አፈር ላይ ስታርፍ እንደ ጥይት ትመታዋለች፤ አፈሩ ይፈረካከስና ይበተናል። የደቀቀው አፈር የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ውኃው ወደ ውስጥ መስረግ ሲያቅተው ምን ያደርጋል? ቁልቁለቱን ይዞ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። መጀመሪያ የሚወስደው የላይኛውን ለም አፈር ነው፤ ብስባሹና ማዳበሪያው ያለበትን። በሁለተኛው ዓመት ትንሽ ቦይ ይሠራል። እያደር ቦዩ ገደል ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ነገር አለች። ዛፍ ብቻውን አፈር አያድንም! እንዴት አትሉም? ዝናቡ ትልቁ ዛፍ ቅጠል ላይ ይጠራቀምና ጠብታው ከቀድሞው ይበልጥ ወፍሮ ይወርዳል። ዛፉ ረዥም ከሆነና ከሥሩ ያለው መሬት ራቁቱን ከሆነ፣ ያ ወፍራም ጠብታ ከሰማይ ከመጣው ባልተናነሰ ይደበድበዋል። ለዚህ ነው የጌዴኦ ገበሬ ዘዴ የሚያስደንቀው። ትልቁ ዛፍ የለቀቀውን እንሰቱ ይቀበለዋል። እንሰቱ የለቀቀውን ቡናው። ቡናው የለቀቀውን ደግሞ መሬት ላይ የተነጠፈው ቅጠል። ውኃው መሬት ሲደርስ ጉልበቱ አልቆ፣ እንደ ደከመው እንግዳ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ ወደ ውስጥም ይሰርጋል።

እኔን ያስተናገዱኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የሚሉትን አንድ ወጣት አስተማሪ ያስተረጉምልኝ ነበር። በዱላቸው የረገፈውን ቅጠል ገለጥ አድርገው ከሥሩ ያለውን አፈር አሳዩኝ። ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ትል ይርመሰመስበታል። ከዚያ መንገድ ዳር ወዳለ ባዶ ቦታ ወሰዱኝ። ቀይና ደረቅ፣ እንደ ሸክላ የጠነከረ።

«አባባ፣ ይሄ ሌላ አፈር ነው?» አልኳቸው።

«አንድ ነው ልጄ፤» አሉኝ። «ያኛው ልብስ አለው፤ ይሄኛው ተገፏል።»

ብርብራና እንሰት ምን ይሠራሉ?

ብርብራን ብዙዎቻችን የምናውቀው ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣ እንደሚያደነዝዝ ነው። ለቡና ገበሬ ግን ሌላ ነው። ብርብራ የባቄላና የአተር ዘመድ ስለሆነ ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ጋር ሆኖ ከአየር ላይ ናይትሮጅን ይይዛል። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ያንን ለአፈሩ ይመልሳል። በሌላ አነጋገር ማዳበሪያ ፋብሪካው ጓሮ ቆሟል፤ ብድር አይጠይቅ፣ ወረፋ አያስጠብቅ።

እንሰትስ? እንሰትን «ሙዝ የማያፈራ ሙዝ» እያላችሁ የምትቀልዱ የከተማ ልጆች ጆሯችሁን ስጡኝ። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት ይኖራል ይባላል። እንደየ ዝርያውና እንደየ አየሩ ለመድረስ በርካታ ዓመታት ይፈጅበታል። ግን ቁም ነገሩ ይሄ ነው፦ በዚህ ወር ካልታጨደ ተብሎ አይረግፍም። ቆሞ ይጠብቃችኋል። ዝናብ ቢዘገይ በግንዱ ውኃ ይዞ ይሰነብታል። ሲያስፈልግ ይቆረጣል፣ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል፤ ቆጮም ቡላም ይወጣዋል። ቃጫው ለገመድ፣ ቅጠሉ ለከብት፣ የተረፈው ለአፈሩ። የባንክ ደብተር በሉት።

ይህን ባንክ የምታስተዳድረው ማን ናት? እናት ናት። እንሰት መፋቅና ቆጮ ማዘጋጀት በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። ከባድ ሥራ ነው፤ አላሳምርላችሁም። ግን ጓሮዋ እንሰት ያላት እናት ልጆቿን ለማብላት የማንንም ኪስ አታይም። እንሰቱ ተነቅሎ በምትኩ ጫት ሲተከል፣ የጫቱ ብር የሚገባው ገበያ በሚወጣው ወንድ ኪስ ነው። ከዚያ ቤት ይደርሳል ወይስ መንገድ ላይ ይቀራል? መልሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምህ ያለውን ጽፈሃል፣ እጮኛህ ያለችውን ጽፈሃል፣ ነጋዴው መኖሩንም ነግረኸኛል። እናትህ ምን አለች? አንዲት መስመር የለችም። መሬቱ እኮ የእሷም ነው!

ጫትና ባሕር ዛፍ ሰይጣን ናቸው እንዴ?

አይደሉም። ፍርደ ገምድል አንሁን። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ባይገባ ኖሮ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ምን ይውጣት ነበር? ቶሎ ይደርሳል፣ ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ለግንባታ እንጨት ይሸጣል። ጫትም በዓመት ብዙ ጊዜ ይቀነጠባል፤ ቡና ግን የሚለቀመው በዓመት አንዴ ነው። የልጅ ደብተር፣ የሕክምና፣ የዕቁብ ወጪ ደግሞ ቡና እስኪደርስ አይጠብቅም። ወንድምህ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም ይህን ያሰበው፤ ኪሱ ስለደረቀ ነው።

ችግሩ የት ላይ ነው? አራቱን ፎቅ አፍርሶ አንድ ፎቅ ማድረጉ ላይ ነው። ጫት ብቻውን ሲተከል መሬቱ በየጊዜው ታርሞ ባዶ ይሆናል፤ ከላይ ጥላ የለው፣ ከታች ቅጠል የለው። ባሕር ዛፍም ውኃ በብዛት ይጠጣል፤ ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም፣ ቅጠሉም ቶሎ አይበሰብስም። ሜዳ ላይ ቢሆን ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣ ነበር። በጨለለቅቱ ዳገት ላይ ግን ክረምቱ ጊዜ አይሰጥም።

በተጨማሪ ዋጋ የሚባል ነገር አለ። ሁሉንም በአንድ ተክል ላይ የጣለ ሰው ገበያው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። የቡና ዋጋ ሲወድቅ እንሰቱ ያበላሃል። እንሰቱ በሽታ ቢያገኘው ቡናው ይደግፍሃል። ጫቱ ዋጋ ሲያጣ ግን ጫት በልተህ አታድርም።

ከሌሎች ያየነው

አሜሪካኖች እንኳን ይህን የተማሩት በመከራ ነው። ሰፊውን የሣር ሜዳቸውን በትራክተር ገልብጠው ስንዴ ዘሩበት። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ሲመጣ የተራቆተው አፈር በነፋስ ተነስቶ ሰማዩን አጠቆረው፤ ብዙ ሺህ ገበሬዎች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። የአፈር ጥበቃ ሕግ ያወጡት በ1935 ነው፤ ጅቡ ከሄደ በኋላ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ከደጋው መሬታችን በየዓመቱ የሚታጠበው አፈር ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ እንደሆነ ይገመታል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ስንል እንስቃለን። ግንዱን ብቻ መሰላችሁ? ከተማ ተቀምጠን ስለ ጤፍ ዋጋ ስናማርር የሚያስታውሰን የለም እንጂ፣ ጤፉ የሚበቅልበትን ነው ይዞ የሚዞረው።

የቻሉም አሉ። ከጌዴኦ ደቡብ ምዕራብ ያሉት ኮንሶዎች ዳገታቸውን በድንጋይ እርከን አስረው አፈራቸውን አቆይተዋል፤ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም መዝግቦላቸዋል። በታንዛኒያ የኪሊማንጃሮ ተራራ ጥግ የሚኖሩት ቻጋዎችም ልክ እንደ ጌዴኦ ዛፍ፣ ሙዝና ቡና ደራርበው ያበቅላሉ። ኮንሶ በድንጋይ፣ ጌዴኦ በቅጠል። ሁለቱም «ዝናቡን አታስሩጡት» ነው የሚሉት።

ያልታደሉም አሉ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የመጡትም በሁለተኛው ናዳ አልቀዋል። ነፍስ ይማር። የመሬት መንሸራተትና የአፈር መታጠብ አንድ አይደሉም፤ ናዳ ከዛፍ ሥር በላይ ጥልቅ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ቢሆንም ዳገት ላይ የሚኖር ሰው የዛፍን ሥር እንደ ቀላል ነገር ማየት የለበትም።

እና ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ «ምንም አትሽጥ» ብዬ አልሰብክህም። ዛፍ ለሰው ነው። ሽማግሌው ራሳቸው ዛፍ ይቆርጣሉ። ግን አቆራረጣቸውን አይቻለሁ፤ ልንገርህ።

አንደኛ፣ ያረጀው ተመርጦ ነው የሚቆረጠው፤ በአንድ ቀን ሁሉም አይወድቅም። መጀመሪያ ቅርንጫፎቹ ይወርዳሉ፣ ግንዱ ቡናውን ደርምሶ እንዳይወድቅ። ቅጠሉ እዚያው ይነጠፋል። ከዚያ በፊት ግን ተተኪው ችግኝ ተተክሎ ቁመት ማውጣት አለበት። ዋንዛ ከአገር በቀል ዛፎች ቶሎ ከሚያድጉት ነው፤ ለጣውላ እስኪደርስ ግን አሥርት ዓመታት ያስፈልጉታል። አንተ የምትቆርጠው የአባትህን ነው፤ የምትተክለው የልጅህን ነው። ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም ቀበሌው ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። ነጋዴው «እኔ እጨርሰዋለሁ» ቢል አትመኑት።

ሁለተኛ፣ እንሰቱን አትንኩ። እናትህ ካላዘዘች በቀር አንዲት ሥር አይነቀል።

ሦስተኛ፣ ወንድምህ ገንዘብ እንዲያገኝ መንገድ ፈልጉለት። ባሕር ዛፍ የግድ ካለ ከምንጭና ከማሳ ራቅ ብሎ፣ በማይታረስ ጠርዝ ላይ ጥቂት ይትከል። በቡናው መሐል አቮካዶ ይግባ፤ ዛፉ ላይ ቀፎ ይሰቀል። የዛፍ አበባ ካለ ማር አለ። ቡናውም ቀይ ቀዩ ብቻ ተለቅሞ ለማጠቢያ ጣቢያ ቢቀርብ፣ አረንጓዴውና ደረቁ ተደባልቆ ከሚሸጠው የተሻለ ያወጣል። የይርጋ ጨፌ ስም በዓለም ገበያ የታወቀው በጥላ ሥር ቀስ ብሎ በበሰለ ቡና ነው። ጥላውን ቆርጦ ስሙን መሸጥ አይቻልም።

አራተኛ፣ አንተ አዲስ አበባ ሆነህ ድርሻህን በብር ብቻ አትጠይቅ። ከሞባይል ጥገናህ በየወሩ ትንሽ እየቆነጠርክ ለችግኝና ለሠራተኛ ላክ። ወንድምህ ብቻውን ዳገት እየወጣ፣ አንተ ከተማ ተቀምጠህ «ዛፉን ጠብቅልኝ» ብትለው ፍርድ አይደለም። ጠብ ከበረታባችሁ ጌዴኦ ሶንጎ አለው፤ ሽማግሌ ፊት ተቀመጡ። ከፍርድ ቤት በርካሽ ያስታርቋችኋል።

አምስተኛዋ ለእጮኛህ ናት። እህቴ፣ አልፈርድብሽም። ሦስት ዓመት መጠበቅ ቀላል አይደለም፤ ቤተሰብም ይጨቀጭቃል። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አዳራሹ የአንድ ቀን ነው፤ ሊሙዚኑ የጥቂት ሰዓት ነው። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ታዪዋለሽ፤ ሦስተኛውን ለእንግዳ ታሳያለሽ። ዋንዛው ግን አንቺ ከምታገቢው ሰው ዕድሜ በላይ ቆሟል፤ ከሥሩ ያለው ቡናም የልጆችሽን ትምህርት ቤት ሊከፍል ይችላል። «ለዛፍ ብለህ ልታቆመኝ ነው?» ብለሽዋል። የአባቱን ዛፍ ለአንድ ቀን ድግስ የሚጥል ሰው ነገ የአንቺን ነገር በምን ሊጥለው እንደሚችል አስበሽ ታውቂያለሽ? ሰርጉን አሳንሱት። ከዚያ ለጫጉላ ወደ ጨለለቅቱ ውረዱ፤ አማትሽ ቡላ ሠርታ ትጠብቅሻለች።

ለቀራችሁት የከተማ ልጆችም አንድ ነገር ብዬ ልሰናበት። ገጠር መሬት ያለው ቤተሰብ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ ጌዴኦ ባትሆኑም ጎጃም፣ ወላይታ፣ ጉራጌ ናችሁ። ለበዓል ስትወርዱ ሰላምታና ዳቦ ብቻ ይዛችሁ አትውረዱ። ጓሮ ዙሩ። ዝናብ ሲዘንብ ከማሳው የሚወጣውን ውኃ ተመልከቱ። ንጹሕ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ቤታችሁ ሰላም ነው። ቀይ ሆኖ ከወጣ ግን ርስታችሁ ቁልቁለቱን ይዞ እየሄደ ነውና፣ እዚያው ዝናቡ ሳያባራ አባታችሁን ወይም ወንድማችሁን ጠርታችሁ አሳዩት።